የፍራፍሬ ሰላጣ፦ ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችንም

የሳምንቱ አምድ፦ ምግብና ጤና

ባለፈው ሳምንት ስለ ንጹሕ ውሃ ጽፈንላችሁ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ፍራፍሬ ሰላጣ እንጽፋለን።

ይህን ርእስ የመረጥነው እኛ አይደለንም። የመረጡልን አንድ አንባቢያችን ናቸው። በገዛ እጃቸው ጽፈው ደብዳቤ ላኩልን። ደብዳቤው አጭር ነው። «ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ የፍራፍሬ ሰላጣ በላሁ አለችኝ። እኛ የምናውቀው ሰላጣ ቅጠል ነው። ፍራፍሬ እንዴት ሰላጣ ይሆናል? ብታስረዱን» ይላል።

እናስረዳለን። ሰላጣ ማለት ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ተከትፎ፣ ተደባልቆ፣ በሎሚ ወይም በሌላ ማጣፈጫ ተለውሶ የሚበላ ምግብም ሰላጣ ይባላል። የቲማቲም ሰላጣ አለ። የድንች ሰላጣ አለ። የፍራፍሬ ሰላጣም አለ።

1. ካዛንቺስ ላይ ያየነው

እኛ የምናስተምረው በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። ክፍለ ከተማው የተሰየመው በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈርም የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያን አገራችንን ወርሮ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆየ። በዚያን ጊዜ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበር። የድርጅቱ ስም ባጭሩ «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። እኛ እንሄድባቸው የነበሩ ትንንሽ ጁስ ቤቶችም አብረው ተነሡ።

ጁስ ቤት ማለት ፍራፍሬ ተፈጭቶ በብርጭቆ የሚሸጥበት ቤት ነው። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በአንድ ብርጭቆ ተደራርበው ሲቀርቡ «ስፕሪስ» ይባላል። ከላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። ፍራፍሬው ሳይፈጭ ተከትፎ በሳህን ሲቀርብ ግን የፍራፍሬ ሰላጣ ነው። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ብዙ ነው። በረመዳንም ለማፍጠሪያ ይፈለጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፍራፍሬ ከየት ይመጣል? ካዛንቺስ ላይ የሙዝ እርሻ የለም። ሙዙ በብዛት የሚመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አቮካዶና አናናስ ከሲዳማ ይመጣሉ። ማንጎ ከአሶሳም ይመጣል። ፓፓያ ከሸዋ ሮቢትም ይመጣል። ሁሉም የገበሬ ልፋት ነው። የእናንተ ልፋት ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልን። ኋላ እንመለስበታለን።

2. ያበላሸነው ሰላጣ

የማታ ተማሪዎቻችን አዋቂዎች ናቸው። የቀን ሠራተኞች አሉ። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች አሉ። ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶችም አሉ። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ፊደል ቆጥረው የጨረሱ ዕለት ትንሽ ድግስ እናድርግላቸው ብለን ተመካከርን። «ምን እናቅርብ?» ተባባልን። ከመካከላችን አንዱ «የፍራፍሬ ሰላጣ ቀላል ነው፤ ምድጃም አይፈልግም» አለ። ተስማማን።

ቀላል መስሎን ነበር። ፍራፍሬውን ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ከተፍነው። ሁሉንም ባንድ ላይ ከተትነው። ይጣፍጥ ብለን ስኳር አፈሰስንበት። ሳንከድነው ጥለነው ሄድን። ማታ 12 ሰዓት ላይ ስንመለስ ሙዙ ጠቁሯል። አቮካዶው ቡናማ ሆኗል። ፓፓያው በውሃ ውስጥ ይዋኛል። ዝንቡን ተዉት!

ተማሪዎቹ ደግ ናቸው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ግን ማንም አልበላም። በመጨረሻ ፍራፍሬ የሚቸረችሩ አንዲት እናት ሳቁ። እኛ እማማ ነው የምንላቸው።

«ልጆቼ፣» አሉን፣ «ፊደሉን እናንተ አስተማራችሁን። ፍራፍሬውን ግን እኔ ላስተምራችሁ።»

«እሺ እማማ፣ ያስተምሩን» አልናቸው።

የተበላሸውን ደፋነው። አፈርን። ለሳምንቱ ቅዳሜ ተቀጣጠርን። እማማ ከራሳቸው ጉሊት ፍራፍሬ ይዘው መጡ። በዚያን ቀን መምህሯ እሳቸው ነበሩ። እኛ ደግሞ ደብተር ይዘን ተቀመጥን።

3. እማማ እንዳስተማሩን

ይህ ለ6 ሰው የሚበቃ ነው።

ለሰላጣው የሚያስፈልገው፦
ሀ. አንድ መካከለኛ የበሰለ ፓፓያ
ለ. 2 የበሰለ ማንጎ
ሐ. 2 ብርቱካን
መ. 3 ሙዝ
ሠ. 1 አቮካዶ፣ የበሰለ ግን ያልላመ

ለማጣፈጫው የሚያስፈልገው፦
ሀ. የ2 ሎሚ ጭማቂ
ለ. የ1 ብርቱካን ጭማቂ
ሐ. 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፤ ማር ከሌለ ስኳር
መ. ከተገኘ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል

ሁሉም ፍሬ ካልተገኘ አትጨነቁ። በአካባቢያችሁ ያለውን አድርጉ። ዘይቱን ካለ ዘይቱን ይግባ። ኮክ ካለ ኮክ ይግባ። በለስም እሾሁ በደንብ ተጠርጎ፣ ተልጦ ይገባል። ሁለት ዓይነት ፍሬና አንድ ሎሚ ካለ ሰላጣ ይሆናል።

አሠራሩ፦

አንደኛ። እጅን በሳሙና መታጠብ። ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና ሳህኑን ማጠብ። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይታጠብ ፍራፍሬ አይነካም። ሽንኩርት የተከተፈበት ቢላዋም ሽታውን ለፍራፍሬው ይሰጣል።

ሁለተኛ። ፍራፍሬውን ከነልጣጩ በንጹሕ ውሃ ማጠብ። እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዷ «እማማ፣ ልጣጩ ሊጣል አይደል እንዴ? ለምን እናጥበዋለን?» ብላ ጠየቀች። እማማ ማንጎውን አነሡ። «ቢላዋው ቀድሞ የሚነካው ምኑን ነው?» አሉ። «ልጣጩን።» «ቀጥሎስ?» «ውስጡን።» «በሉ እንግዲህ። ልጣጩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ቢላዋው ይዞት ይገባል።» መልሱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ። ማጣፈጫውን አስቀድሞ ማዘጋጀት። ሎሚውንና ብርቱካኑን መጭመቅ። ፍሬውን ማውጣት። የሎሚ ፍሬ ከገባ ይመርራል። ማሩን ከጭማቂው ጋር መምታት። ማሩ ከረጋ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ማቅጠን። ዝንጅብሉን ልጦ፣ ወቅጦ፣ ውሃውን ብቻ መጨመር።

አራተኛ። ፓፓያውን ለሁለት ሰንጥቆ ጥቁሩን ፍሬ በማንኪያ ማውጣት። መላጥ። የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህል መጠን መክተፍ። ማንጎውንም ከፍሬው ላይ እየቆረጡ እንዲሁ መክተፍ። ብርቱካኑን ልጦ በየጉንጩ መለየት። ፍሬውን ማውጣት።

አምስተኛ። ሙዙና አቮካዶው የሚቆረጡት በመጨረሻ ነው። እንደተቆረጡ ወዲያውኑ ማጣፈጫው ውስጥ ይገባሉ። አየር ሳያገኛቸው ሎሚው ይቅደማቸው።

ስድስተኛ። ሁሉንም በጎድጓዳ ሳህን ማደባለቅ። በሁለት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ማንሣት። እንደ ገንፎ አይማሰልም። ቢማሰል ይፈርሳል። ከዚያ ክዳን ማድረግና ቶሎ መብላት።

በላን። ከተማሪዎቹ አንዱ «አሁን ነው ድግሱ!» አለ። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

4. የእኛው ለምን ተበላሸ?

ቤታችን ገብተን መጽሐፍ አገላበጥን። እማማ በልምድ የነገሩን ሁሉ ምክንያት አለው።

ሙዝና አቮካዶ ሲቆረጡ አየር ያገኛቸዋል። አየሩ በፍሬው ውስጥ ካለው ነገር ጋር ተገናኝቶ ያጠቁረዋል። መጥቆሩ ብቻውን መርዝ አይደለም። ዓይን ግን ይጠላዋል፤ ጣዕሙም ይቀንሳል። ሎሚ ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገር መጥቆሩን ያዘገየዋል።

ስኳር ደግሞ ከፍሬው ውስጥ ውሃ ይስባል። ጨው የተነሰነሰበት ጥቅል ጎመን ውሃ ሲያወጣ አይታችሁ ይሆናል። ይህም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ስኳርም ሆነ ማር የሚጨመረው ሊበላ ሲል ነው።

ከሁሉም የሚብሰው መዋሉ ነው። የተላጠ ፍራፍሬ ልጣጩን አጥቷል። ልጣጩ ልብሱ ነበር። ዝንብ ያርፍበታል። በሙቀት ውስጥ ጀርም ይራባበታል። በቆሸሸ ውሃ የታጠበ ወይም ሳይከደን የዋለ ፍራፍሬ ተቅማጥ ያመጣል። ኮሌራም በዚህ መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። ሎሚ ጨምረንበታል ብለን መተማመን የለብንም። ሎሚ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። መታጠቢያው ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ አፍልቶና አቀዝቅዞ ማጠብ ነው።

5. የእማማ ወንድም

ሰላጣውን ከበላን በኋላ እማማ ዝም አሉ። «ምነው እማማ?» አልናቸው።

«ወንድሜ ትዝ አለኝ» አሉ።

እንዲህ ሲሉ አጫወቱን። «ያደግሁት ቆላ ነው። ጓሯችን ፓፓያ ነበረ። ማንጎም ነበረ። ሲበስል እናቴ ለቅማ ገበያ ትወስዳለች። በገንዘቡ ጨውና ጋዝ ትገዛለች። እኛ ብንነካ እንገረፋለን። ሳንቲም እኮ ነው! ትንሹ ወንድሜ ቀን ቀን ይጫወታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን አያይም። ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ ሲወጡ እጁን ይዤ አስገባው ነበር። ምድጃው ላይ እንዳይወድቅ እጠብቀው ነበር። ዳፍንት ነው አሉ። ዛር ነውም ያሉ ነበሩ። ጠበል ወሰድነው። ኋላ ጤና ጣቢያ ሲሄድ መድኃኒት ተሰጠውና ዳነ። ሐኪሙ ለእናቴ ምን አላት መሰላችሁ? ‹ጓሮሽ ፓፓያ የለም ወይ?› አላት። እናቴ አለቀሰች።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ለነሱ እንግዳ አልነበረም።

ዳፍንት ከማታ እስከ ጧት ማየት አለመቻል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቫይታሚን ኤ የሚባለው ነገር በሰውነት ውስጥ ሲያንስ ነው። በጊዜው ካልታከመ ዓይንን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረታበታል።

የእማማ እናት ክፉ አልነበሩም። ልጃቸውን ይወዱ ነበር። የሸጡትም ለልጆቻቸው ብለው ነው። አላወቁም እንጂ። የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛም ዛሬ ይህን የምንጽፈው ለዚህ ነው።

6. የትኛው ፍሬ ምን ይጠቅማል?

ፓፓያና ማንጎ፦ የበሰለ ብርቱካንማ ሥጋቸው ለዓይን ይጠቅማል። ሰውነታችን ከዚያ ቫይታሚን ኤ ይሠራል።

አቮካዶ፦ ቅባት አለው። የፓፓያውና የማንጎው ጥቅም በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው። እማማ አቮካዶውን የጨመሩት ለጣዕሙ ነበር። ሳያውቁት ግን የሁለቱን ጥቅም አጋቡ።

ብርቱካን፣ ሎሚና ዘይቱን፦ ቫይታሚን ሲ አላቸው። ድድን ያጠነክራሉ። በእንጀራና በወጥ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳሉ። ብረት ሲያንስ የደም ማነስ ይመጣል። ነፍሰ ጡሮች በዚህ ይጎዳሉ። ስለዚህ ከምሳ ጋር ብርቱካን መብላት ጥሩ ነው። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይይዙታል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

ሙዝ፦ ጉልበት ይሰጣል። ለሕፃንም ለሽማግሌም ለማኘክ ይቀላል።

7. ስለ ልጆች ጥንቃቄ

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር በኋላ የበሰለ ፓፓያ፣ ሙዝና አቮካዶ በንጹሕ ማንኪያ ተፈጭቶ ይሰጠዋል። ቁራጭ ፍሬ ግን አይሰጠውም፤ ያንቀዋል።

አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ። ለአዋቂ የማይጎዳው ማር ለእንደዚህ ያለ ሕፃን አደገኛ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ማርና ስኳር አይጨምርበት። ፍራፍሬውንም በመጠኑ ይብላ።

ልጃችሁ ሲመሽ የሚደናቀፍ ከሆነ፣ «ፓፓያ አበላዋለሁ» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፍራፍሬ የሚጠቅመው በሽታው እንዳይመጣ ነው። ከመጣ በኋላ ሐኪም ያስፈልጋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ቫይታሚን ኤ በዓመት 2 ጊዜ በአፍ ይሰጣል። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ።

8. ምን እናድርግ?

ፍራፍሬ አትሽጡ አንልም። ሽጡ። ጨው፣ ሳሙናና ደብተር የሚገዛው በገንዘብ ነው። ግን ሁሉንም አትሽጡ። ለገበያ ስትለቅሙ ከ10 ፓፓያ አንዷን ወደ ጎን አድርጉ። እሷ የልጆቹ ናት። መንገድ ላይ ተሰንጥቃ ዋጋ የምታጣዋን ፓፓያም እቤት አስቀሩ። ያልበሰበሰ እስከሆነ ድረስ ለሰላጣ ትሆናለች።

የፓፓያ ተክል የሌላችሁ የቆላና የወይና ደጋ ሰዎች፣ ፍሬውን አትጣሉ፤ አድርቃችሁ ዝሩት። የልብስ ማጠቢያ ውሃ በሚፈስበት ጓሮ ሳይሆን ውሃ በማይተኛበት ቦታ ትከሉ። ጥሩ እንክብካቤ ካገኘ ባንድ ዓመት ገደማ ያፈራል። ጥቂት እግር ትከሉ እንጂ አንድ ብቻ አትትከሉ። ፓፓያ ወንድና ሴት አለው፤ ወንዱ ብቻውን አያፈራም።

የደጋ ሰዎችስ? ፓፓያ ውርጭ አይችልም። እናንተ ካሮት፣ ዱባና ጎመን አሏችሁ። ለዓይን የሚጠቅመው ነገር በእነሱም ውስጥ አለ። ጎመኑን በትንሽ ዘይት ሥሩት።

ደብዳቤ ለጻፉልን አንባቢያችን እንዲህ እንላለን። ልጅዎ ከአዲስ አበባ ተመልሳ ስትመጣ፣ የፍራፍሬ ሰላጣ እርስዎ ሠርተው ያቅርቡላት። ከተማ በልታ የመጣችው የገጠር ፍሬ ነው። ከጓሮ የተለቀመው ደግሞ ከመኪና ከወረደው ይበልጣል። ታናናሾቿንም አብረው ያቋድሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።

የቃላት ፍቺ

ዳፍንት፦ ሲመሽ ማየት አለመቻል።
ማጣፈጫ፦ ምግብ እንዲጣፍጥ የሚጨመር ነገር።
ጀርም፦ በዓይን የማይታይ፣ በሽታ የሚያመጣ ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር።
ጁስ ቤት፦ የፍራፍሬ ጭማቂ የሚሸጥበት ቤት።

ጥያቄዎች

1. ፍራፍሬ ከመላጡ በፊት ለምን ይታጠባል?
2. ሙዝና አቮካዶ በመጨረሻ የሚቆረጡት ለምንድን ነው?
3. የእማማ ወንድም ምን ታመመ? ጓሯቸው ምን ነበረ?
4. በአካባቢያችሁ የሚገኙ ፍራፍሬዎችን ስም ጻፉ።
5. አንድ ገበሬ 40 ፓፓያ ለቀመ። ከ10 አንዷን ለልጆቹ አስቀረ። ስንት አስቀረ? ስንትስ ሸጠ?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ቤት ውስጥ ላሉትም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።